«አድጎ ይመርጣል»

ከእስቴው አምደኛ

«ምን አስጨነቀሽ? ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ያባቱም አገር ዜግነት ካለው፣ አድጎ ራሱ ይመርጣል።»

ይህን ያለው በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠራው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የተባለችው ደግሞ ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ሻይና ቡና ስትሸጥ ኖራ፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲበረታ በመተማ በኩል የተመለሰች የእስቴ ልጅ ናት፤ ሕፃን አዝላ፣ ሱዳናዊ ባሏን አስከትላ። ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀምጧታል፣ የያዘችውን ወረቀትም ተቀብሎ አገላብጦ አይቷል። ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው፤ በዓረብኛ የተጻፈ የክትባት ካርድ። ከክፍሉ ውስጥ ሊያነበው የቻለው ባልየው ብቻ ነበርና እሱ እያነበበ፣ እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ሠራተኛው እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ «የተተረጎመና ማኅተም ያለው አምጪ» አለ፤ አስከትሎም ያንን የሚያጽናና ቃል ተናገረ።

ቃሉ የሱ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም አላባክንም ነበር። ነገር ግን የዜግነት አዋጁ፣ የ378/1996፣ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 በሰው አፍ ሲነገር የሚሆነው ይኸው ነው። ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ቢጠየቅ መልሱ ብዙ አይለይም።

መቼም ለሕጉ የሚገባውን ልስጠው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ሴት የባሏን ዜግነት በጋብቻ ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር፤ የውጭ አገር ሴት ያገባ ወንድ ግን ሚስቱን ኢትዮጵያዊት ያደርጋታል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ይህን ሻረው። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ጋብቻም የማንንም ዜግነት አያስቀርም። ለባልየውም ቢሆን መንገዱ አጠር ብሏል። ሌላው የውጭ ዜጋ አራት ዓመት ኑሮ፣ የቋንቋ ችሎታ፣ የገቢ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ኢትዮጵያዊት ያገባ ሰው ከጋብቻው ሁለት ዓመት፣ ከማመልከቻው በፊት ደግሞ አንድ ዓመት እዚህ መኖር ይበቃዋል። አማርኛ እንኳ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከቀድሞ ዜግነቱ መሰናበቱን ወይም መሰናበት እንደሚችል የሚያሳይ ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት ከሚዋጋ አገር እንዴት እንደሚያመጣው አዋጁ አይናገርም። እስከዚያው መኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ወይም ስደተኛ ሆኖ መመዝገብ ነው። በምዕራብ ጎንደር የነበሩት የአውላላና የኩመር መጠለያዎች እንዴት እንደከረሙ፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ሱዳናውያን በጸጥታ ማጣት ጥለዋቸው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ መስፈራቸውን አንባቢ ያውቃል። ስለ ባልየው ይህን ብዬ ልለፈው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ይመርጣል ተብሏል። እንዴት?

አዋጁ የሚለው እንዲህ ነው። ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጸና ለባለሥልጣኑ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። የሱዳን ሕግ ደግሞ ከሱዳናዊ አባት የተወለደን ልጅ ሱዳናዊ ይለዋል። ስለዚህ ይህ ሕፃን እስቴ ላይ ዳዴ ብሎ፣ እስቴ ላይ ፊደል ቆጥሮ፣ የእርሻ መንገዱን ከአያቱ ተምሮ ካደገ በኋላ ከአሥራ ስምንት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንዲት ዓመት አለችው። በዚያች ዓመት ዝም ካለ ተናገረ ማለት ነው።

ማን ይነግረዋል? አንቀጹ ለልጁ የማሳወቅ ግዴታ በማንም ላይ አልጣለም። ደብዳቤ አይደርሰውም፣ ቀበሌው አይጠራውም። በዚያ ዕድሜው ልቡ ያለው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ላይ ነው፤ ፈተናውም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚቀመጡበት ሆኗል። ቢያውቅስ የት ሄዶ ያሳውቃል? ሥልጣኑ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ ዛሬ ከመካነ ኢየሱስ ወጥቶ በሰላም ባሕር ዳር መግባት ራሱን የቻለ ጉዳይ እንደሆነ የአማራ ክልል ሰው ለክልሉ ሰው አይነግርም። በኢንተርኔት ይመዝገብ እንዳንል፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ያልነበረው እኮ ትናንት ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ ደረሰ እንበል። ያኔ «ሌላውን ዜግነትህን ተው» ይባላል። ይዞት የማያውቀውን ፓስፖርት፣ አይቶት የማያውቀውን አገር ዜግነት፣ በዚያው አገር ኤምባሲ በኩል ተሰናብቶ ማስረጃ ያምጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 4 የሚለውን ማየት ያስገርማል። ልጁ እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ሁለት ዜግነት ቢኖረውም እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ይቆጠራል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የለም የተባለ ዜግነት፣ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ኢትዮጵያዊነቱን ሊያስወስድበት ይነሣል።

እሺ፣ ተወ ተባለ፤ መመለሻ የለውም ወይ የሚል ይኖራል። አለው። አንቀጽ 22 ኢትዮጵያዊነቱን ያጣ ሰው መልሶ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ከሚጠይቃቸውም አንዱ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖሪያውን እዚህ ማድረጉ ነው። ከእስቴ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከየት ተመልሶ እንደሚመጣ እንግዲህ የሕግ ሰዎች ያስረዱን።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «በፈቃዱ» የተባለው ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም ይላል። በሬህን በዚህ ዋጋ እገዛሃለሁ ብሎ ገበያ ላይ የጠየቀኝ ሰው፣ መልስ ሳልሰጠው ብሄድ በሬዬን ጎትቶ ሊወስድ አይችልም። ለበሬ የተደረገው ጥንቃቄ ለዜግነት ሲሆን የት ገባ? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል። ይህ ዋስትና ዋስትና የሚሆነው ፈቃድ ማለት የሰውየው ፈቃድ ሲሆን ነው። መንግሥት በሰው ፋንታ እየፈቀደ «በፈቃዱ ነው» የሚል ከሆነ፣ ከፈቃዱ ውጭ የተገፈፈ ሰው እስከ ዓለም ፍጻሜ አይገኝም።

ያው አዋጅ በአንቀጽ 3 ደግሞ አንጀት የሚበላ ደግነት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ተቆጥሮ ኢትዮጵያዊ ይሆናል። ደግ ሕግ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ይህች እናት ያን ሁሉ መንገድ አዝላ ከማምጣቷ ይልቅ ሕፃኑን እዚህ ደጃፍ ላይ ጥላው ብትሄድ ኖሮ፣ የዜግነት ወረቀቱ ይበልጥ ንጹሕ ይሆን ነበር። ተርጉመሽ አምጪ የሚላትም አይኖርም።

አንቀጽ 20 ከባዶ አልመጣም። አዋጁ የወጣው የኤርትራ ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1985 ዓ.ም. ለኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም የተመዘገበ ሰው በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ተቆጥሮ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተጭነው ተባርረዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. ውሳኔው እነዚያ ሰዎች ያኔ የሁለት አገር ዜጎች እንደነበሩ ተቀብሎ፣ አንዳንዱን እርምጃ ሕጋዊ አንዳንዱን በዘፈቀደ የተደረገ ብሎታል። «እንደተወ ይቆጠራል» የሚለው አነጋገር ከዚያ ዘመን ፍርሃት የተረፈ ይመስለኛል። የሁለት አገር ታማኝነት የሚያስፈራ ነገር እንዳለው አልክድም፤ ጎረቤቶቻችን በየተራ በሚታመሱበት አካባቢ የሚኖር መንግሥት ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን የፍርሃቱ ልክ ይህ የታዘለ ልጅ ነው ወይ?

በሌላ በኩል ያው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ውጭ ተወልደው ያደጉትን፣ ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉትን፣ ወደ መሠረታችሁ ተመለሱ ብሎ በሦስት ዙር ጠርቷቸዋል። ጥሪው ከፍ ያለ ነበር። ከተጠሩት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸውና ለማንም ምንም ያላሳወቁት፣ በ1996ቱ አዋጅ ዓይን ኢትዮጵያዊነታቸውን በፈቃዳቸው የተዉ ናቸው። ልጆቹ መቼ እንደተዉት ቢጠየቁ የሚያውቁ አይመስለኝም። ለነሱ ቢጫ ካርድ አለ፤ አዋጅ 270/1994 እስከ ቅድመ አያት ድረስ ቆጥሮ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይላቸዋል። በዚህ ቆጠራማ ጎረቤታችን ጋፋትም ድርሻ አላት። ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከቀለጠባት ከጋፋት ፈረንጆች አንዱ ሞሪትዝ ሃል፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነች ሴት አግብቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ አካባቢ ሴት ልጅ ወለደ፤ ሕፃኒቱም ከአገር ወጣች። ሁለት ኦስካር ያገኘው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የሷ የልጅ ልጅ ነው። ቢያመለክት ኖሮ ካርዱን የሚከለክለው አይታየኝም።

ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳ ነገሩን ገላገለችው። እኛ ዘንድ ክርክሩ በተነሣ ቁጥር የሚናገሩት የአሜሪካና የአውሮፓ ፓስፖርት ያላቸው ናቸው፤ የሚነሣውም ባንክ፣ ቤትና ኢንቨስትመንት ነው። ከገዳሪፍ፣ ከቤይሩትና ከጅዳ ልጅ ይዘው የሚመለሱት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሴቶች በዚያ ክርክር ውስጥ የሉም። ሕጉ ለዶላሩ ተብሎ ቢሻሻል ለነሱም ይተርፍ ይሆናል፤ ላይተርፍም ይችላል።

ወደዚች እናት ስመለስ፣ አሁን ያስቸገረን የልጁ የልደት ምዝገባ ነው። ሴት አያትየዋ የምትቆጥረው የክርስትናውን አርባ ቀን ነበር፤ እሱን ለቤተ ዘመድና ለባልና ሚስቱ እተወዋለሁ። መንግሥት የሚቆጥረው ዘጠና ቀን ነው፤ እሱም አልፏል። ልጁ የተወለደው ውጭ ስለሆነ ምዝገባው የቆንስላ እንጂ የቀበሌ አይደለም ተብሏል። የእናቲቱ አባት ደግሞ ሌላ ዘዴ አምጥተዋል፤ «በእኔ ስም አስመዝግቡት፣ እዚሁ ተወለደ በሉ።» በአገራችን አባቱ የሌለ ልጅ በእናቱ አባት ስም መጠራቱ ብርቅ አይደለም፤ ማንም አይገረምም። የሱዳናዊው ስም ከመዝገቡ ከወጣ አንቀጽ 20ም ልጁን አያገኘውም። ግን ወላጅ አባቱ አለ፤ ልጁን ታቅፎ እዚያው ተቀምጧል። በሐሰት ማስመዝገብ ያስከስሳል። ነገ ደግሞ ባልየው በጋብቻው ዜግነት ልጠይቅ ሲል፣ ልጁ በወረቀት የሱ አይሆንም።

እሷ ምን ላድርግ ብላኛለች። ያንን ሠራተኛ መልሼ አገኘሁትና፣ አሥራ ስምንት ሞልቶኛልና ኢትዮጵያዊነቴን ላጽና ብሎ የመጣ ልጅ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እስካሁን የመጣ የለም» አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ በወረዳው ስለሌለ ይሆናል። ወይም አንቀጹን ከወረቀት አንሥቶ ሥራ ላይ የሚያውለው ስለሌለ፤ እንዲያ ከሆነ እውነቱን ብታስመዘግብ ምንም አይደርስባትም። ወይም ደግሞ ዓመቷ ያለፈቻቸው ልጆች እዚሁ መካከላችን እያረሱና እየተማሩ፣ ኢትዮጵያዊነታቸውን በፈቃዳቸው እንደተዉ ሳይሰሙ አሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሠራተኛውም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ እሷ ግን በሚመጣው ሳምንት ፎርሙ ላይ የአባቱን ዜግነት መሙላት አለባት።