ከታሪካችን ገጽ፦ አንድ ቃል ያመጣው ጦርነት

ባለፈው ሳምንት «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ቃላት አንብበን ጽፈን ነበር። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ እነዚህ ምን ያህል ይለያያሉ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ከታሪክ እናመጣለን። ታሪኩም ሩቅ አይደለም፤ ከዚሁ ከአንኮበር ይጀምራል።

አጼ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ተወለዱ። በ1869 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከኢጣሊያ አገር መንገደኞች መጡ። መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል። «የአገሩን አራዊትና ወፍ እናጠናለን» አሉ። ንጉሡም ከአንኮበር አፋፍ ሥር፣ ሌት ማረፊያ ከተባለው ቦታ መሬት ሰጧቸው። አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ።

ከኋላ የመጣው ሰው ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው። እሱ ወፍ አላጠናም። ያጠናው ቤተ መንግሥቱን ነው። ጠመንጃ ያመጣል፣ ደብዳቤ ያመላልሳል፣ ውል ያዋውላል። ውል ማለት ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚጽፉት ወረቀት ነው። በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ነበር።

በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሊሆኑ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ፣ ከአንቶኔሊ ጋር ሌላ ውል ተፈራረሙ። ውሉ 20 አንቀጽ አለው። አንቀጽ ማለት የውሉ አንድ ክፍል ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው፣ እኩልም ይታመናሉ ይላል።

አንድ አልነበሩም።

ልዩነቱ 17ኛው አንቀጽ ላይ ነው። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ «ተስማምተዋል» የሚል ነው። እንዴት ነው ነገሩ? እስቲ በእኛው ኑሮ እንየው። ጎረቤታችሁ «ገበያ ስትሄዱ በቅሎዬን መውሰድ ትችላላችሁ» ቢላችሁ ደግነት ነው። ብትፈልጉ ትወስዳላችሁ፣ ባትፈልጉ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። እሱ በያዘው ወረቀት ላይ ግን «ገበያ የምንሄደው በእሱ በቅሎ ነው፤ ተስማምተናል» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝስ? ያን ጊዜ መንገዱም ገበያውም የእሱ ሆነ ማለት ነው እኮ።

ኢጣሊያም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአውሮፓ መንግሥታት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ አስታወቀች። ምኒልክ ይህን አላወቁም። በዚያው ወር እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ፤ ቀጥሎም ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ በውሉ መሠረት የእርስዎ ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል ነው የሚል ሆነ። አገር መሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መቀበል እንዴት እንደሚያቃጥል አስቡት።

ያ ጊዜ ለገበሬውም ክፉ ነበር። አያቶቻችሁ «ክፉ ቀን» የሚሉት ነው። የከብት በሽታ ገብቶ በሬው አለቀ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። እንደምናስበው ኢጣሊያ የተማመነችው በዚህም ጭምር ነው። የተራበ አገር ጦር አያነሣም ብላ ይሆናል።

ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣሊያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ። በአማርኛው ያለው ቃል ይህ አይደለም፣ ስሕተቱ ይታረም አሉ። አንቶኔሊ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተከራከረ። እቴጌ ጣይቱም በክርክሩ ላይ ነበሩ፤ ፈጽሞ አልተበገሩለትም። ኢጣሊያ ቃሉን አላርምም አለች። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምኒልክ መከራከር የቻሉት የአማርኛው ወረቀት በእጃቸው ስለነበረ ነው። ማኅተሙም አለበት፣ ቃሉም ይነበባል። ውሉ በኢጣሊያንኛ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በምን ይከራከሩ ነበር?

ክርክሩ አልሰመረም፤ ነገሩ በጦር ሆነ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ። የሸዋ ሰው ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ጋሻና ጠመንጃውን ይዞ፣ ሴቶቹም እየፈጩና እየጋገሩ፣ ትግራይ ድረስ በእግር ተጓዘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የኢጣሊያ ጦር በአንድ ቀን ተሸነፈ። ከሸዋ ከሄዱትም ያልተመለሱ ነበሩ።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። በዚያ ውል የውጫሌው ውል ተሰረዘ። ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ ምንም ገደብ ተቀበለች።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አንብቡ።

ተበዳሪው ገንዘቡን በእህል መክፈል ይችላል።
ተበዳሪው ገንዘቡን በእህል መክፈል አለበት።

እህል በተወደደበት ዓመት የትኛው ወረቀት ተበዳሪውን ይጎዳዋል? ለምን? መልሳችሁን በሁለት መስመር ጻፉና ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። በጣት ከመፈረማችሁ በፊት አስነብባችሁ የምታውቁት ወረቀት ካለም እሱን ጨምራችሁ አምጡ፤ አብረን እናነበዋለን።