ሸራው ከመወጠሩ በፊት

ለልጃችሁ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝታችሁ ከሆነ ሸራውን ከመንካታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። ከምትሠሩበት ቦታ አንስቶ እስከ ውኃው ዳር የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ቦታ ቀይሩ። አሉሚኒየም ምሰሶ ሽቦ ከነካ ይገድላል።

ሌዘር የተባለችውን ጀልባ እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኢልካ ትባላለች። ርዝመቷ 4.23 ሜትር ነው። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሩ። ሁለቱን የምሰሶ ቁራጮች ገጣጥሙና የሸራውን እጅጌ እንደ ሸሚዝ አልብሷቸው። ምሰሶው የሚቆምበት ጉድጓድ ውስጥ አሸዋ ካለ ጥረጉት፤ አሸዋ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ማቆሙን ለሁለት አድርጉት። ከዚያ ምሰሶውን ከጀልባዋ ጋር በገመድ እሰሩት፤ ብትገለበጥ ተነቅሎ እንዳይወጣ ነው።

አግድሙን ዘንግ ስትገጥሙ ገመዶቹ ሁሉ ልል ይሁኑ። ሸራው እንደ ባንዲራ ይርገበገባል፤ ብልሽት አይደለም። ጀማሪ ግን ጩኸቱ ያስደነግጠውና ገመዱን ይስባል፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ልትገለበጥ ትችላለች።

ስለ ሸራው መጠንም አስቡ። ሙሉው 7.06 ካሬ ሜትር ነው፤ ትንሹ 4.7። የጀልባዋ አካል ያው ሆኖ የሚለወጠው ሸራውና የታችኛው የምሰሶ ቁራጭ ነው። ሻጩ ትልቁን ቢያሞግስም ለቀላል ልጅ ትንሹ ይሻላል።

ከኋላ ያለውን ውታፍ አጥብቁ። መሪውን ጥልቀቱ ሲበቃ አውርዱ፤ ልጁ ግን ተንሳፋፊ ሰደርያውን ከመሬት ሳይለቅ ይልበስ።