የሕክምና ምስጢራችሁ ቢያፈተልክ ሕጉ ምን ያህል ያስክሳችኋል?

የኤችአይቪ ውጤት፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ። እነዚህ ሁሉ ዛሬ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ብቻ አይደሉም፤ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንዳንዴም በሠራተኛ ስልክ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን ውጤታችሁ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ቢለቀቅስ? ብዙ ሰው «አንዴ ወጥቷል፣ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ይተወዋል። መተው ግን የለበትም፤ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ይመድበዋል። መረጃ ያፈተለከበት ክሊኒክም ጉዳዩን በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ክሊኒኩን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የትኛው መረጃዬ ወጣ? መቼ? ማን አየው? ምን እርምጃ ወሰዳችሁ? መልሱ ካላረካችሁ ወይም ዝም ካሏችሁ አቤቱታችሁን ለባለሥልጣኑ አቅርቡ።

ሁለተኛው ፖሊስ ነው። ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል። ይህ ግን በአቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ እናንተ ካልከሰሳችሁ ፖሊስ በራሱ ተነስቶ አይጀምረውም። ከውጭ ሆኖ ሲስተሙን ሰብሮ የገባ ሰው ካለ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል።

ሦስተኛው የካሳ ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይክሳል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋውም አሠሪው ይጠየቃል፤ ስለዚህ «እኛ አይደለንም፣ ልጁ ነው» የሚል መልስ ክሊኒኩን ነፃ አያወጣውም። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይደለም፤ ማፈር፣ መሸማቀቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ሕጉ ይሄን «የኅሊና ጉዳት» ይለዋል። አንቀጽ 2116 ደግሞ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 1000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ምስጢሩ ለወጣበት ለዚያው የላብራቶሪ ምርመራ እንኳ ላይበቃ ይችላል። አዲሱ አዋጅ የዘመኑን መረጃ ሊጠብቅ ወጥቷል፤ የሰው ክብር ግን አሁንም በ1952 ዋጋ ይተመናል። ጣሪያው መነሳት አለበት፤ ይሄ የምክር ቤቱ የቤት ሥራ ነው።

እስከዚያው ክሳችሁን «አፈርኩ» በሚለው ብቻ አታቁሙት። ለገንዘብ ነክ ጉዳት ያ ጣሪያ የለም፤ የደረሰውን ያህል ይካሳል። ከሥራ ከተባረራችሁ ደብዳቤውን፣ ለምክር አገልግሎት ከከፈላችሁ ደረሰኙን፣ ቤት ከቀየራችሁ ውሉን ያዙ። የተለቀቀውን መልእክት ቀኑና የላኪው ስም እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፤ ላኪው ነገ ሊያጠፋው ይችላል። የሌላ ሰው ውጤት ስልካችሁ ላይ ከደረሰ ደግሞ ፎርዋርድ አታድርጉት፤ አንድ ሰው ባስተላለፈው ቁጥር የባለቤቱ ጉዳት ይጨምራል።