የአክሱም ሳንቲም ገዢም ቆፋሪ ነው

በኢንተርኔት የጨረታ ገበያዎች ላይ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች በየጊዜው ለሽያጭ ይቀርባሉ። የንጉሡ ስም፣ የማዕድኑ ዓይነት፣ ክብደቱና የመነሻ ዋጋው ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ሳንቲሙ ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ያህል ጥልቀትና ከምን ጋር አብሮ እንደወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል እንኳ አይነገርም። ገዢው ባዕድ ሲሆን በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ «ቅርሳችን ተዘረፈ» ይላል። ገዢው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን ያው ግዢ «ቅርስን ማዳን» የሚል ስም ያገኛል። ለመቅደላ ታቦታት መመለስ በለንደን አደባባይ ድምፁን የሚያሰማ ሰው ምንጩ ያልታወቀ የዒዛና ሳንቲም በአንገቱ ቢያንጠለጥል የሚጠይቀው የለም። መጠየቅ ግን ይገባዋል።

ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የአክሱም መንግሥት ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሱን ገንዘብ ሠርቷል። እንዱቢስ፣ አፊላስና ዋዜባ የተባሉት ነገሥታት ዛሬ የሚታወቁት ስማቸው በተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ነው። ዒዛና ክርስትናን መቀበሉን ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱም በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል መተካቱ ነው። ዜና መዋዕል ላልተረፈላቸው ነገሥታት ሳንቲሙ ዜና መዋዕላቸው ነው፤ የወጣበት አፈር ደግሞ የዚያ ዜና መዋዕል ግማሹ ገጽ ነው።

ባሕር ማዶ የተገኘ አንድ ድልብ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1977 በደቡባዊ የመን፣ አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ፣ 326 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከ868 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ጋር በአንድነት ተገኙ። የሮማ ቄሣሮች የነገሡበት ዓመት ስለሚታወቅ፣ አብረዋቸው የተቀበሩት የአክሱም ነገሥታት ዘመን በእነርሱ ሊመዘን ቻለ። ድልቡ ተበትኖ አንድ በአንድ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ የሚተርፈው 326 የሚያማምሩ የወርቅ ቁርጥራጮች ብቻ በሆነ ነበር።

«ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም» የሚሉ ወገኖች በከፊል እውነት አላቸው። በእንግሊዝ አገር ዲቴክተር የሚባለውን የብረት መፈለጊያ ይዞ የጥንት ሳንቲም መፈለግ፣ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ቦታዎች ውጭና የባለመሬቱ ፈቃድ እስካለ ድረስ፣ ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕግ ግን እንደ ውድ ሀብት የሚቆጠረውን ግኝት ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ ሙዚየም ከወሰደው ዋጋው ለአግኚውና ለባለመሬቱ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሶመርሴት፣ ፍሮም አቅራቢያ፣ አንድ ፈላጊ የተቀበረ ማሰሮ መሆኑን ሲረዳ ቁፋሮውን አቁሞ ባለሙያዎችን ጠራ። ባለሙያዎቹ ማሰሮውን በየደረጃው ሲያወጡ 52,503 የሮማ ሳንቲሞች ተቆጠሩ፤ የሳንቲሞቹ አቀማመጥም ገንዘቡ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተቀበረ መሆኑን አመለከተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌምስተር በተባለች ከተማ አቅራቢያ ሁለት ሰዎች ያገኙትን የቫይኪንግ ዘመን ድልብ ደብቀው ለነጋዴዎች በተኑት። 300 ያህል ሳንቲሞች እንደነበሩበት ተገምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰዎቹ የእስራት ፍርድ ሲቀበሉ የተመለሱት ግን ሠላሳ ያህል ብቻ ነበሩ። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከጮኸ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው።

ያንኑ መሣሪያ በሻንጣ ይዞ ወደ አክሱም ወይም ወደ የሐ መሄድ ግን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊባል አይችልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። ይህም የኢትዮጵያ ብቻ ጥብቅነት አይደለም፤ አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ፈቃድ በዲቴክተር ጥንታዊ ዕቃ መፈለግን በሕግ አግዳለች፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችም ክልክል ነው። በደብሊንና በዋሽንግተን ሕግ አክባሪ የሆነ ሰው አገር ቤት ሲደርስ «የራሴ መሬት ነው» ማለቱ ያስገርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማመካኛ «ካልገዛነው ገበሬው ያቀልጠዋል» የሚለው ነው። ለወርቁ ሳንቲም ስጋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የነሐሱ ሳንቲም ግን ቢቀልጥ የሚረባ ዋጋ የለውም፤ ለመዳቡ ብሎ ማሳውን የሚቆፍር ሰው አይኖርም። የነሐስ ሳንቲም ከመሬት ተፈልጎ የሚወጣው ሰብሳቢ ስላለ ብቻ ነው። ክረምት ሲወጣ ጎርፍ ከሸረሸረው መሬት ሳንቲም ለቅሞ ለጎብኚ የሚሸጥ ልጅ ዋጋውን የተማረው ከገዢው ነው። ገዢው ዛሬ አንዱን ሲያድን፣ ነገ ለሚቆፈሩት ዐሥር ሳንቲሞች ዋጋ ይቆርጣል። በዚህ ረገድ የአዳኙና የዘራፊው ገንዘብ አንድ ነው።

መንግሥትም ከነቀፋ አያመልጥም። ያው አዋጅ በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ለሚያስረክብ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥና ወጪውም እንዲተካለት ያዛል። ድሃ ገበሬ ግን «ተገቢ» በሚል ቃል አይተማመንም። የሽልማቱ ተመን አስቀድሞ ይታወቅ፤ በጀት ይመደብለት፤ ገንዘቡም በዚያው በወረዳው ይከፈል፤ ገበሬው ቦታውን የሚገልጽ ደረሰኝ ይዞ ይመለስ። በጦርነት በተጎዳ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ከነጋዴው ዘግይቶ የሚመጣ ሽልማት እንዳልመጣ ይቆጠራል። የዳያስፖራ ማኅበራት ቅርስ ለመግዛት የሚያዋጡት ገንዘብ ካለ ለዚህ ይዋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት በ2003 ተቀብላለች። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ከሌሎች አገሮች ጋር በሚደረግ ስምምነት የተዘረፈ ቅርስ እንዳይገባ ለማገድ ያስችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የቆጵሮስ ጥንታዊ ሳንቲሞች በዚሁ መንገድ በዝርዝር ተካተዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ለምክር ቤት እንደራሴዎቻቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ የአክሱም ሳንቲሞችን በስም የሚጠራ መሆን አለበት። «ቅርስ» የሚለው ጥቅል ቃል ለጉምሩክ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። አዱሊስና መጠራ በኤርትራ ምድር የሚገኙ በመሆናቸው ከዚያ የሚወጣውም ሳንቲም እኩል ጥበቃ ይሻል።

ሳንቲም ቀድሞ በእጁ የገባ ሰው ከማን፣ መቼና በምን ያህል እንዳገኘው ይጻፍ፤ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሣ፤ ክብደቱን ይመዝግብ፤ መረጃውንም ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ። በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በብሩሽ አይጠበው። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ የአክሱም አንጥረኞች የለበጡት ስስ ወርቅ አለ፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም።