የአውቶቡሱ ድጎማ ከማን መቀነት ተፈታ?

አንድ መንግሥት የማን ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በድግስ ቀን ሳይሆን በመቅሠፍት ቀን ነው። የኮሮና መቅሠፍት አለፈ፤ ሒሳቡ ግን ገና አልተወራረደም። እኛ በሌክውድና በአካባቢዋ የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ሒሳብ ለመመርመር የተነሣነው፥ እዚህም ሆነ አገር ቤት መኪና የሌለው ሰው እንጀራውን የሚያገኘው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ስለሆነ ነው።

አስቀድመን የአገራችንን እንመልከት። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ። ለጤና የተደረገ ነውና ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን የጎደለውን ግማሽ ማን ይክፈል? የተሰጠው መልስ፥ ታሪፉ እጥፍ ይሁን የሚል ነበር። ግማሽ ወንበር በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ ሙሉው እንደተሸጠ ይቆጠራል። እንግዲህ ድጎማ አልነበረም አይባልም፤ ነበረ። ዳሩ ግን ከግምጃ ቤት የወጣ ሳይሆን ከተሳፋሪው መቀነት የተፈታ ድጎማ ነበር! ሥራ በቀዘቀዘበት ወራት የቀን ሠራተኛዋ በአንድ ወንበር ተቀምጣ የሁለት ሰው ዋጋ ከፈለች።

በአንዳንድ ክልሎች የአገር አቋራጩ መስመር ፈጽሞ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ከፋ። የቆመ አውቶቡስ እጥፍ ታሪፍ አይሰበስብም። ባለንብረቱ ከባንክ ዕዳው ጋር፥ በዕለት ገቢ የሚያድረው ረዳት ከባዶ እጁ ጋር ቀሩ።

አሁን ወደምንኖርበት እንምጣ። የዴንቨር አካባቢ የሕዝብ መጓጓዣ ድርጅት፥ አር.ቲ.ዲ.፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኤፕሪል 5 ቀን 2020 እስከ ጁን መጨረሻ ሕዝቡን ያለ ክፍያ አመላለሰ። በኮልፋክስ ጎዳና ከሌክውድ ወደ ዴንቨር የሚሳፈረው የጽዳት ሠራተኛ በዚያ ወራት ሳንቲም አልተጠየቀም። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች ባወጣው ሕግ ለመላ አገሩ የሕዝብ መጓጓዣ 25 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር።

ይህን ስንል አሜሪካንን ልናወድስ አይደለም። በዚያው የማርች ሕግ አየር መንገዶች ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ 25 ቢሊዮን ዶላር ሲያገኙ፥ የግል አውቶቡስ ባለቤቶች በሜይ አውቶቡሶቻቸውን ወደ ዋሽንግተን ነድተው መጮኽ ነበረባቸው። ለእነርሱ፥ ለትምህርት ቤት አውቶቡሶችና ለመንገደኛ ጀልባዎች 2 ቢሊዮን ዶላር የተፈቀደው ዲሴምበር 27 ቀን 2020 ነው፤ ገንዘቡም የታደለው በ2021 ነው። በሰማይ የሚሄደው ቀደመ፤ በምድር የሚሄደው ጠበቀ። አር.ቲ.ዲ.ም ቢሆን በ2020 መጨረሻ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ለማሰናበት ወስኗል። ሆኖም ከዚህ ሁሉ አንድ ቁም ነገር እንወስዳለን፤ ከግል ባለቤቶቹ እርዳታ ቢያንስ 60 በመቶው ለሠራተኛ ደመወዝ እንዲውል ግዴታ ተጥሎ ነበር። ገንዘቡ በባለቤቱ እጅ ቢያልፍም የሠራተኛው ድርሻ በቁጥር ተጽፎ ነበር።

«አገራችን ድሃ ናት፤ ከአሜሪካ ጋር አትመዛዘንም» የሚሉን አይጠፉም። ድህነታችንን አንክድም። ነገር ግን በመጋቢት 2012 ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንዳያጥራቸው 15 ቢሊዮን ብር አላቀረበምን? በሐምሌ 2014ስ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ የነዳጅ ድጎማ አልተጀመረምን? ለባንኩ የተከፈተ ግምጃ ቤት ለረዳቱ የሚዘጋው ድህነት ስለከለከለ ብቻ አይደለም፤ ረዳቱ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ስለሌለው ነው።

የግል ባለንብረት አይረዳ አንልም። አንድ አሮጌ አውቶቡስ በብድር ገዝቶ የሚያሽከረክር ሰው ከባለ ብዙ ሚሊዮኑ ጋር አንድ አይደለም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሕዝብ ገንዘብ ሲሰጥ የሹፌሩና የረዳቱ ድርሻ በሕግ ይቆረጥ። እርዳታ የተቀበለ ሁሉ በተሳፋሪው ላይ ዋጋ አይጨምር። ማን ምን ያህል እንደተቀበለ ለሕዝብ ይገለጽ።

በአገር ቤት ያላችሁ ጓዶች ሆይ! ወደየመናኸሪያው ውረዱ፤ የሹፌሩን፥ የረዳቱንና የተሳፋሪውን ቃል ሰብስባችሁ ጻፉ። ሌላ መቅሠፍት ሲመጣ ሒሳቡ ተሠርቶ ይጠብቀው።

የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ!