ነጻ ምርመራ ውድ ነው

ዐሥር ዓመት ያለፈው መኪና ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማጉረምረም ይጀምራል። ባለቤቱ ሬዲዮኑን ዘግቶ ያዳምጣል፤ ከዚያም ለወዳጁ ይደውላል። ወዳጁ በስልክ «ኩሽኔታ ነው፣ ቀይረው» ይለዋል። ጋራዥ ሲሄድ ደግሞ «ጎማ ነው» ይሉታል። ሁለቱንም ለውጦ ድምፁ ሲቀጥል የሚደርስበትን ድምዳሜ ሁላችንም በየቡናው ሰምተነዋል፦ «መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው።»

ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው፤ ገንዘብም ያስከፍለናል። ሌባ መካኒክ የለም ማለቴ አይደለም። ስርቆት ግን የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል እኛው ምርመራን ዋጋ እንደሌለው ነገር መቁጠራችን ነው። ለመለዋወጫ ሳናቅማማ እንከፍላለን፤ ለዕውቀት ሲሆን ግን «እስቲ ዐየት አድርገህ ብቻ ንገረኝ» እንላለን።

ጉዳዩ ተራ የመኪና ወሬ እንዳልሆነ ለማየት በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ሳድል ሪጅን ማሰብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የሳድልታውን ጣቢያ ነዋሪውን ከመሃል ከተማ ጋር ያገናኘዋል፤ ሰፈሩ በቅርበት ወደሚያየው አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ባቡር ግን የለም። በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ዕቃ ለሚያደርስ፣ ታክሲ ለሚነዳ ሰው አሮጌው መኪና የማምረቻ ካፒታሉ ነው። የተሳሳተ ምርመራ ያለአገባብ የተገዛውን ዕቃ ዋጋና የአንድ ፈረቃ ደመወዝ ይወስዳል። ጥፋተኛው በእርግጥ ኩሽኔታ ሆኖ ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ በአውራ ጎዳና ላይ የጎማውን ጥብቀት አደጋ ላይ ይጥላል። በአልበርታ የግል መኪና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፍ አይገደድም። በአገር ቤት የለመድነው ቦሎ በሌለበት ከተማ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መርማሪ ድምፁ ራሱ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሳይንስ ይህን ገበያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አስቦበታል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ሻጭ ከገዢው የበለጠ ማወቁ ገበያውን እንዴት እንደሚያበላሸው አሳየ። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 አንድ እርምጃ ገፉት፦ አንዳንድ አገልግሎቶች ከተገዙ በኋላ እንኳ አስፈላጊ እንደነበሩ ገዢው ማረጋገጥ አይችልም። እነዚህን «የእምነት ሸቀጦች» ልንላቸው እንችላለን። ሦስት ዕቃ ተቀይሮ ድምፁ ቢጠፋ ጥፋተኛው የትኛው ነበር? ገዢው እስከ መጨረሻው አያውቅም።

«ሌባ ነው» የሚለውን ንድፈ ሐሳብ የሚያናጋው ግን ሄንሪ ሽናይደር በ2012 ያሳተመው የመስክ ጥናት ነው። ሽናይደር ጉድለቱ አስቀድሞ የታወቀ መኪና ይዞ ማንነቱን ሳይገልጽ ወደ በርካታ ጋራዦች ሄደ። አላስፈላጊ ጥገና የመከሩት ነበሩ፤ ያለውን ጉድለት ሳያዩ ያለፉትም ብዙ ነበሩ። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ በሐቀኝነት ሊያስከፍሉበት የሚችሉትን ጉድለት ለምን ይተዉታል? መልሱ ግልጽ ነው፦ ለመፈለግ በቂ ጊዜ አልሰጡም፤ ጊዜያቸውን የሚከፍላቸውም አልነበረም።

ድምፅ ከሁሉ የከፋው ፈተና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በካናዳም ከ1998 ጀምሮ መኪኖች የራሳቸውን ጉድለት በኮድ የሚመዘግብ ሥርዓት አላቸው። ያ ሥርዓት የተዘጋጀው በዋናነት የጭስ ልቀትን ለመቆጣጠር ነው። የሚያጉረመርም ኩሽኔታ፣ ጉድጓድ ላይ የሚንኳኳ የእገዳ ክፍል፣ የላላ የጭስ ማውጫ መከለያ ኮድ አይጽፉም። እነዚህን የሚያገኛቸው የሰው ጆሮ፣ መኪናውን ነድቶ መፈተሽና ትዕግሥት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ጋራዦች ግን ለሠራተኛቸው የሚከፍሉት በመጽሐፍ በተተመነ የሥራ ሰዓት ነው። ኩሽኔታ ለመቀየር የተቆረጠ ሰዓት አለ፤ ቆሞ ለማዳመጥ የተቆረጠው ግን ጥቂት ነው ወይም የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሠራተኛ ገምቶ ቢቀይር ይከፈለዋል፤ ሲመረምር ቢውል ግን ከኪሱ ይወጣል።

ምርመራው ራሱ ረቂቅ ምሥጢር አይደለም። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጉርምርምታው ቢጨምር ክብደቱ የሚያርፍበት የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ቦታ ሲለዋወጡ ድምፁ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። በጠባብ መታጠፊያ ላይ የሚሰማ ቀጭ ቀጭታ ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈውን መገጣጠሚያ ያመለክታል። በካልጋሪ ክረምት መንገድ ላይ ከሚበተነው ጠጠር አንዷ በፍሬን ዲስክና በመከለያው ቆርቆሮ መካከል ብትገባ መኪናው የሚፈርስ እስኪመስል ድረስ ትጮኻለች፤ ለማውጣት ግን ደቂቃዎች ይበቃሉ። ያችን ጠጠር ያገኘ መካኒክ ምንም ዕቃ አልሸጠም። ዛሬ ባለው ልማድ ሐቀኝነቱ ኪሳራ ነው።

ሕጉስ? የአልበርታ የሞተር ተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ምክር ቤት (አምቪክ) የሚያስፈጽመው ደንብ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መብት ይሰጣል። ደንበኛው ከጠየቀ የጽሑፍ ግምት ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ ሳይጠየቅ የመጨረሻው ሒሳብ ከግምቱ ከ10 በመቶ፣ ቢበዛም ከ100 ዶላር በላይ ሊያልፍ አይችልም፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስለት ይቀርብለታል፤ አዲሱ ዕቃና ሥራው ቢያንስ ለ90 ቀን ወይም ለ5,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አላቸው። መልካም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም «ይህን ዕቃ ጥፋተኛ ያልከው በየትኛው ፈተና ነው?» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ደንቡ ዋጋውንና ዕቃውን ይጠብቃል፤ ፍርዱን ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ የምሟገትለት ነገር ምርመራ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ እንዲሸጥ ነው። የራሱ ዋጋ ይኑረው፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይቅረብ፦ የተደረገው ፈተና፣ የታየው ምልክት፣ የተጠረጠረው ክፍል፣ የእርግጠኝነቱ ደረጃ። ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ጥገናውን ወደ ሌላ ጋራዥ የመውሰድ ነጻነት ይኑረው። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል እንጂ ከሽያጩ ትርፍ እንዲያገኝ አንፈልግም፤ ለመኪናም መርሑ ያው ነው። አምቪክ ይህን የጽሑፍ ውጤት ግዴታ እስኪያደርገው ድረስ ደንበኞች ራሳችን ልንጠይቀው እንችላለን። ዕድር ያላቸው ማኅበረሰቦቻችንም ጥገና የማይሠራ፣ መርምሮ ብቻ የሚናገር አንድ የታመነ ባለሙያ በጋራ ሊቀጥሩ ይችላሉ። ለቀብር በጋራ የምንከፍል ሕዝብ ለፍሬንና ለኩሽኔታ ለመክፈል ምን ይከለክለናል?

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ድሀው ሁለት ጊዜ ይክፈል ወይ?» የሚል ነው። ዛሬም ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ልዩነቱ የምርመራው ዋጋ በማያስፈልግ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ መቅረቡ ነው። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፦ ሞተር ወይም ካምቢዮ ተፈትቶ ብቻ የሚታወቅ ጉድለት ከሆነ መርማሪና ጠጋኝ መለያየታቸው ሥራን ይደግማል። እውነት ነው፤ በእነዚያ ጉዳዮች አንድ ጋራዥ ሁለቱንም ይሥራ። መኪናውን በመንዳትና በማንሻ ላይ በመስቀል ብቻ የሚለዩት ብዙ ድምፆች ግን ይህ ተቃውሞ አይነካቸውም።

ነገሩ ከካልጋሪም ያልፋል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ማስገባት ላይ ከባድ ታክስ ጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ገና ለዓመታት ይጠገናል፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መለዋወጫም ይፈልጋል። በግምት የተቀየረ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ዶላር ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሞተሩ ጸጥ ቢልም ጎማ፣ ኩሽኔታና መሪ አለው። ሶማሌ ተራ ዕቃ በብዛት ይሸጣል፤ ምርመራን እንደ ራሱ ሙያ የሚያከብርና የሚከፍል ልማድ ግን እዚያም ገና መተከል አለበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የእኛ መኪና በሽታውን አልደበቀም፤ እየጮኸ ነው። የጎደለው ለሚያዳምጠው ሰው ደመወዝ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስንገባ «ስንት ያስወጣኛል?» ከማለታችን በፊት «ለመመርመር ስንት ታስከፍላለህ፣ ያገኘኸውንስ ትጽፍልኛለህ?» እንበል።