«ለምን አልጮኸችም?» ለሚሉ

በጋዜጣ ዓምዶች የሚደጋገም ክርክር አለ፦ በእርግጥ የተደፈረች ሴት ትጮኻለች፣ በማግስቱም ፖሊስ ጣቢያ ትገኛለች፤ ዝም ካለች ነገሩ ሌላ ነው።

ክርክሩ የሰውን ገላ አያውቅም። ስቶክሆልም ውስጥ ለተደፈሩ ሴቶች በተከፈተ የድንገተኛ ክሊኒክ 298 ሴቶች ተጠይቀው፣ 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው በጉልህ ደርቆ እንደነበር ተናግረዋል። ጥናቱ የታተመው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርሃት እጅና እግርን ያስራል፣ ድምፅንም ይቀማል። ይህ እሺታ አይደለም።

ማግስቱስ? ሰበታ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ ከአጥቂዋ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምታድር ሴት ወዴት ትሂድ? ቡራዩም ሱሉልታም ብትሆን፣ መጀመሪያ የሚደርሱላት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቃላቸውም «ታረቁ» ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 66 በመቶዎቹ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ እርዳታም አልጠየቁም። ሁሉም ዋሹ ማለት ነው?

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ለምን ዘገየሽ?» የሚላት ጎረቤት ከዚያው ሰዓት ላይ ይቀንስባታል።

ደፋሪው ባሏ ቢሆንስ? በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 620፣ አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው «ከጋብቻ ውጪ» ሲሆን ነው። ጩኸት የሚመዝኑት ጸሐፊዎች ስለዚህ ሐረግ እስካሁን አንዲት መስመር አልጻፉም።